ኢንተርቪው ላይ አፌ ተሳሰረ፤ 5 ሳምንት ቀርቶኛል፣ ምን ላድርግ?

የጋራዡ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለቤቱ። እንዴት ናችሁ? እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ግን ጭንቅ ሲለኝ ልጻፍ አልኩ።

በዲቪ ከመጣሁ 2 ዓመት ከ4 ወር ሆነኝ። አገር ቤት ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄያለሁ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ዲሲ ውስጥ አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ነው የምሠራው። ከሰዓት 9 ሰዓት ገብቼ ማታ 5 ሰዓት እወጣለሁ (አሁንም በአበሻ ሰዓት ነው የምቆጥረው)። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ መኪና ይቀንሳል። ያኔ ላፕቶፔን እከፍታለሁ። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ በ11 ወር 183 የሊትኮድ (የኮድ ጥያቄ መለማመጃ ድረ ገጽ) ጥያቄ ሠርቻለሁ። 70 ቀላል፣ 104 መካከለኛ፣ 9 ከባድ።

ከ3 ወር በፊት አንድ ትልቅ ድርጅት ለ45 ደቂቃ የስልክ ኢንተርቪው ጠራኝ። ጥያቄው ፊደል ሳይደጋገም ረጅሙን ተከታታይ የስትሪንግ (የፊደል ሰንሰለት) ክፍል ማግኘት ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ግን ጠያቂዋ የኪቦርዱን ድምፅ ስታሰማ አፌ ተሳሰረ። በአማርኛ አስባለሁ፣ ወደ እንግሊዝኛ ልመልሰው ስል ይጠፋብኛል። «ምን እያሰብክ ነው?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። «አንድ ደቂቃ» እያልኩ አለፍኳት። 6 ደቂቃ ሲቀር ኮዱን ጨረስኩ። ልክ ነበር፣ እሷም ልክ ነው አለች። በ3ኛው ቀን «ለጊዜው አንቀጥልም» የሚል ኢሜይል መጣ።

በትክክል ሠርቼ ለምን ወደቅኩ? እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

አሁን ሌላ ትልቅ ድርጅት ኦንላይን አሰስመንቱን (በኢንተርኔት የሚሰጠውን ፈተና) አልፈሃል ብሎኛል። የመጨረሻው ዙር በአንድ ቀን 4 ኢንተርቪው ነው። 3ቱ ኮድ፣ አንዱ ስለ ራስህና ስለ ሥራህ ነው ብላኛለች ሪክሩተሯ (ለድርጅቱ ሰው የምትመለምለው)። 5 ሳምንት አለኝ። 300 ጥያቄ እስኪሞላ ልግፋ? ወይስ እንግሊዝኛዬ ላይ ልሥራ? ስለ ሥራህ ንገረን ሲሉኝስ ምን እላለሁ? 2 ዓመት ሙሉ መኪና ነው ያቆምኩት። በሺፍት ማብቂያ ላይ ቲኬቱንና የገንዘብ ሳጥኑን የሚያመሳክር ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም ጽፌ ነበር፣ ግን ቁም ነገር አይደለም። ጋራዡን ከሲቪዬ ላውጣው?

አቤል ዘቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። አሰስመንቱን ማለፍ ራሱ ቀላል አይደለም።

የእኔ ምክር ቁጥሩን ጨምር ነው። እኔ 400 ገደማ ሠርቼ ነው የገባሁት። ሜታን የመሰለ ቦታ በ45 ደቂቃ 2 ጥያቄ ይሰጡሃል፣ ኮዱንም እያስኬድክ አትፈትሽም። እጅህ ካልፈጠነ ቀልድ የለም። መካከለኛ ጥያቄ በ20 ደቂቃ መውጣት አለበት።

ሁለተኛ፣ አንድ በር ላይ ብቻ አትቁም። ከ2022 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ሜታ 11,000፣ ጉግል 12,000፣ አማዞን 18,000 ገደማ ሠራተኛ እንደሚቀንሱ ተናግረዋል። ከዚያ ወዲህ ለጀማሪ በሩ ጠቧል። አንተ ግን ያለህበት ቦታ ጥሩ ነው። ካፒታል ዋን ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ማክሊን ነው። ባንኮቹና ሆስፒታሎቹም ፕሮግራመር ይቀጥራሉ። የመንግሥት ኮንትራክተሮች ግን ክሊራንስ (የምስጢር ሥራ ፈቃድ) ከጠየቁ ዜግነት ይፈልጋሉ፣ ግሪን ካርድ አይበቃም። ለጊዜው እለፋቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ማመልከቻው ላይ «አሁን ወይም ወደፊት ስፖንሰርሺፕ ያስፈልግሃል?» (ድርጅቱ ቪዛ እንዲያወጣልህ ትፈልጋለህ ማለት ነው) የሚል ጥያቄ አለ። አንተ ግሪን ካርድ አለህ። መልሱ «አያስፈልገኝም» ነው። በዲቪ የመጡ ልጆች ግራ ገብቷቸው «አዎ» ሲሉ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ሰው ሳያየው ሊወድቅ ይችላል።

ትርሲት ከሲያትል

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «በትክክል ሠርቼ ለምን ወደቅኩ» ያልከው ጋ ስደርስ ዓይኔ እንባ ሞላ። እኔም ይህንኑ ጥያቄ 8 ወር ተሸክሜው ዞሬያለሁ።

በሲታክ ኤርፖርት ዊልቸር እየገፋሁ ነው የተማርኩት። አሁን አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ 5ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ጀማሪዎችን ኢንተርቪው አደርጋለሁ። ስለዚህ እኛ በዚህ በኩል የተቀመጥነው ምን እንደምናደርግ ልንገርህ። ይህን ማንም ስላልነገረኝ ነው እኔ ዓመት ያጣሁት።

የሚጠይቅህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይወስንም። አንተ ስትናገር እሱ ይጽፋል። ያስደነገጠህ የኪቦርድ ድምፅ እሱ ነው። ስትጨርሱ ማስታወሻውን አስተካክሎ ያስገባል። ጉግል ውስጥ ማስታወሻው ፊትህን አይቶ ለማያውቅ የቅጥር ኮሚቴ ይቀርባል። አማዞን ውስጥ ጠያቂዎቹ ተሰብስበው ያዩትን ይነጋገራሉ። እንግዲህ አስበው። አንተ 35 ደቂቃ ዝም ብለህ በመጨረሻ ልክ የሆነ ኮድ ብትጽፍ ያቺ ሴት ምን ልትጽፍ ትችላለች? «ዝም አለ። ኮድ ጻፈ። ኮዱ ይሠራል።» ከዚህ ሌላ ምንም የላትም። አስበህ ደረስክበት ወይስ ሸምድደህ መጣህ፣ በምን ትለየው? ክፉ ሆና አይደለም። «ምን እያሰብክ ነው?» ብላ ሁለት ጊዜ የጠየቀችህ ልትረዳህ ፈልጋ ነበር። የምትጽፈው ነገር ስጠኝ ማለቷ ነው።

እኛ ደግሞ ያደግነው በሌላ ልማድ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ መልሱ እርግጠኛ ሳትሆን እጅ አታወጣም። ቤት ስትገባ «በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ» ትባላለህ። ፈተና ማለት አንገትህን ደፍተህ ሠርተህ ማስረከብ ነው። እኔም ከ12ኛ ክፍል ፈተና ጀምሮ እንዲሁ ነው ያለፍኩት። ያ ልማድ የትም አላጎደለኝም ነበር። እዚህ ግን ጣለኝ። አንተንም የጣለህ እሱ ነው እንጂ ችሎታህ አይደለም።

አቤል ስለ ፍጥነት ያለው ልክ ነው። ለአንተ ግን መድኃኒቱ እሱ አይመስለኝም። 183 በቂ ነው። ወደ 300 ከሄድክ 117 ጥያቄ በዝምታ ትሠራለህ፣ ዝምታህም ይጠነክራል። አዲስ ጥያቄ አቁም። ከሠራሃቸው 40 ምረጥና ከመጀመሪያው ጀምሮ ጮክ ብለህ ድገማቸው። ማታ ጋራዡ ባዶ ሲሆን ማንም አይሰማህም። ያቺ ክፍል ለዚህ ትመቻለች።

ደግሞ መጀመሪያ በአማርኛ ተናገር። ይህን ስል ብዙ ሰው ይገርመዋል። ግን የተቆለፈው እንግሊዝኛህ አይደለም፣ ሐሳብህን ወደ ድምፅ የሚያወጣው ነገር ነው። እሱ በአፍ መፍቻህ ካልተከፈተ በሌላ ቋንቋ አይከፈትም።

እኔ የተከፈተልኝ በአክስቴ ነው። አክስቴ የዘጌ ልጅ ናት፣ ጣናን እያየች ነው ያደገችው። ሊትኮድ ላይ 200ኛው ጥያቄ ደሴት ቁጠር የሚለው ነው። ፍርግርግ ይሰጥሃል፣ 1 መሬት ነው፣ 0 ውሃ ነው፣ ስንት ደሴት አለ? አንድ እሁድ ቡና እየቆላች ወረቀት ላይ ሳልኩላት። «አክስቴ፣ ይሄ ጣና ነው በይው። ስንት ደሴት አለ?» አልኳት። አየችውና «ሁለቱ ጥግ ለጥግ ብቻ ቢነካኩስ? አንድ ነው ወይስ ሁለት?» አለችኝ።

ፈዝዤ ቀረሁ። ኮድ ምን እንደሆነ የማታውቅ ሴት ኢንተርቪው ላይ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበትን ነገር ጠየቀች። እኔ ያንን ጥያቄ 3 ጊዜ ሠርቼዋለሁ። አንድም ቀን ይህን ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ዓይኔ ጽሑፉን አንብቦ አልፎታል። «እንዴት ትቆጥሪያቸዋለሽ?» አልኳት። «በታንኳ እሄዳለኋ። መሬት ስነካ አንድ እላለሁ። ደሴቱን ዞሬ ዞሬ እጨርስና እንዳልደግመው ምልክት አደርግበታለሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው።» ይኸው ነው። ዲኤፍኤስ የሚባለው ነገር (አንዱን መንገድ እስከ መጨረሻው ተከትሎ መፈተሽ) ከዚህ አይበልጥም። ያን ማታ አንድም መስመር ኮድ አልጻፍኩም። ንግግሩን ብቻ 2 ጊዜ በአማርኛ፣ 2 ጊዜ በእንግሊዝኛ ደገምኩት። ቃላቱ ተራ በተራ ሲመጡ ይታወቀኝ ነበር።

አሁን ከጠያቂ ወንበር ሆኜ መስማት የምፈልገውን ላሳይህ። በዚያው ጥያቄ ላይ አንድ ልጅ እንዲህ ቢለኝ፦ «ጥግ ለጥግ የሚነካኩት እንደ አንድ ይቆጠራሉ? ፍርግርጉ ባዶ ሊሆን ይችላል? እሺ። እያንዳንዱን ሳጥን እየዞርኩ አያለሁ። 1 ሳገኝ ቆጣሪውን ከፍ አድርጌ የተያያዘውን መሬት በሙሉ ምልክት አደርጋለሁ። አንዴ ምልክት ያደረግኩበትን መሬት ድጋሚ ስለማልቆጥረው ጊዜው ከረድፍ ሲባዛ አምድ አይበልጥም። በሪከርዥን (ፈንክሽኑ ራሱን መልሶ እየጠራ) መሥራት እችላለሁ፣ ግን ፓይተን ካልቀየርኩት በስተቀር 1,000 ገደማ ጥልቀት ላይ ያቆመኛል። 300 በ300 የሆነ ፍርግርግ 90,000 ሳጥን ነው። ሁሉም መሬት ቢሆን ፕሮግራሙ ይወድቃል። ስለዚህ በኪው (በወረፋ) እሠራዋለሁ።» ይህን እየሰማሁ ጣቴ አያርፍም። ኮዱ ላይ አንድ ስህተት ቢኖር እንኳ ምን እንደሚያስብ አውቄዋለሁ። ስህተቱንም አብረን እናስተካክለዋለን።

የወደቅክበትም ጥያቄ እንዲሁ ነው። ደካማውን መንገድ መናገር አትፈር። «መጀመሪያ የታየኝ ሁሉንም ክፍል አንድ በአንድ መፈተሽ ነው፣ ግን ስትሪንጉ 100,000 ፊደል ቢሆን ወደ 5 ቢሊዮን ክፍል ይሆናል፣ አይሆንም» በል። ከዚያ «ሁለት ጠርዝ ልያዝ፣ የተደገመ ፊደል ሲገባ የኋላውን ጠርዝ ልግፋ» ትላለህ። ይህን ለማለት የሚበቃ እንግሊዝኛ አለህ። ጥያቄውን ካልሰማህ ድገሙልኝ በል። የሰማኸውን በራስህ ቃል መልሰህ ንገራቸው፣ «የተረዳሁት እንዲህ ነው፣ ልክ ነኝ?» ብለህ። አክሰንትህ ማንንም አያስጨንቅም። እዚህ ግማሹ ሰው አክሰንት አለው።

ደብተር ያዝ። ከ40ዎቹ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ብቻ ጻፍ፦ ምኑን አይቼ ነው ይህን መንገድ የመረጥኩት? አሬዩ (የዳታው ዝርዝር) የተደረደረ ከሆነ ባይነሪ ሰርች (በግማሽ እየከፈሉ መፈለግ) ወይም ቱ ፖይንተርስ (ሁለት ቦታ ይዞ መሄድ) ትዝ ይበልህ። «ተከታታይ» የሚል ቃል ካለ ስላይዲንግ ዊንዶው (ቅድም ያልኩህ ሁለት ጠርዝ)። አጭር መንገድ ተጠይቆ እርምጃዎቹ እኩል ከሆኑ ቢኤፍኤስ (ከቅርቡ ጀምሮ ዙር በዙር መፈተሽ)። «ትልልቆቹን 10» ምናምን ካለ ሂፕ (ትልቁን ወይም ትንሹን ከላይ የሚይዝ ክምር)። ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ (የትንንሹን ክፍል መልስ አስቀምጦ ትልቁን መሥራት) ላይ ሁለት ሳምንት አታቃጥል፣ ዋና ዋናዎቹን 5 ወይም 6 ካወቅክ ለጀማሪ ይበቃል ባይ ነኝ።

መልሱን ስክሪንህ ጥግ ላይ ጽፎ የሚያሳይ የኤአይ መሣሪያ የሚሸጡ አሉ። እባክህ አትንካው። ዓይን ሲያነብ ይታወቃል፣ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፣ ሁለቱም ጊዜ አዝኛለሁ። ነገሩ እየባሰ ሄዶ በ2025 የጉግል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሰንዳር ፒቻይ ቢያንስ አንድ ዙር በአካል እንዲሆን ድርጅታቸው እያደረገ መሆኑን ተናግረዋል። ለልምምድ ግን ኤአዩን እንደ ጠያቂ አድርገህ ብታናግረው ጥሩ ነው።

አሁን ያናደደኝ ጋ ልምጣ። «ቁም ነገር አይደለም» ያልከው ፕሮግራም።

ወንድሜ፣ ማንም ሳያዝህ ችግር አይተህ ኮድ ጽፈሃል። ብዙ አዲስ ተመራቂ ይዞ የሚመጣው ክፍል ውስጥ የተሰጠውን ፕሮጀክት ነው። አማዞን 16 የአመራር መርሆች አሉት (እስከ 2021 ድረስ 14 ነበሩ)። የባህርይ ጥያቄዎቹ ከእነሱ ነው የሚወጡት። ሌሎቹም በሌላ ስም ተመሳሳይ ነገር ነው የሚጠይቁት። ያቺ ፕሮግራም ብቻዋን ለ3ቱ ወይም ለ4ቱ መልስ ትሆናለች። ንገረኝ እስቲ፦ ከዚያ በፊት ማመሳከሩ ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር? አሁንስ? ካንተ ሌላ ማን ይጠቀምበታል? ምን ተበላሽቶብህ ነበር? እንዴት አገኘኸው?

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፍኩት በዊልቸር ታሪክ ነው። አንድ ማታ 3 በረራ ተደራርቦ 11 መንገደኛ ሲጠብቅ 4 ሰዎች ብቻ ነበርን። ማን ተቀያሪ በረራ እንዳለው ጠይቄ በካርቶን ላይ በሰዓት ቅደም ተከተል ጻፍኩት። አንድም ሰው በረራ አላመለጠውም። ጠያቂው በቅደም ተከተል ስለመሥራት ሲጠይቀኝ የተናገርኩት ይህን ነው። ኤርፖርቱን ደብቄው ቢሆን ኖሮ የምለው አልነበረኝም። ጋራዡን ከሲቪህ አታውጣ።

የጋራዡ ልጅ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። አቤልም አመሰግናለሁ። ሌላ ምን እላለሁ።

ያልሽውን ማታ ሞከርኩት። የደሴቶቹን ጥያቄ ብቻዬን ጮክ ብዬ በአማርኛ ተናገርኩት። መጀመሪያ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። በ3ኛው ላይ ግን ሳላስበው ወደ እንግሊዝኛ ገባሁ።

ለጠየቅሽኝ፦ ማመሳከሩ ድሮ 40 ደቂቃ ይፈጅ ነበር፣ አሁን 6 ደቂቃ ነው። 3 ሌሎች ልጆችም ይጠቀሙበታል። የተበላሸው ነገር ከእኩለ ሌሊት በፊት ገብተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚወጡ መኪናዎች ናቸው። ፕሮግራሙ ቲኬታቸውን በመጀመሪያው ቀን፣ ገንዘቡን በሁለተኛው ቀን ይቆጥረው ነበር። ሁልጊዜ ዓርብ ማታ ሂሳቡ ይዛባ ነበር። 2 ሳምንት ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

እንዲህ ጻፍኩት፣ እዩልኝ፦ «እኛ ጋራዥ ውስጥ የሂሳብ ማመሳከር ችግር ነበር። ለዚህም አንድ ፕሮግራም ተሠራ። ስህተትም ተገኝቶ ተስተካከለ። ሥራችን ቀለለ።»

ናቲ (አዲስ አበባ)

ሰላም ወንድሜ። እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ለለንደን ድርጅቶች ነው የማመለክተው። የትርሲት ምክር ላይ የምጨምረው የለኝም። ብቻህን አትሥራ ልበልህ እንጂ። እዚህ ከ2019 ጀምሮ አፍሪካ ቱ ሲሊከን ቫሊ የሚባለው ፕሮግራም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በነፃ ያሠለጥናል። ከዚያ ያለፉ ጓደኞች አሉኝ። ከሁሉ የጠቀማቸው በቡድን መሥራታቸው ነው ይላሉ። አንዱ ቦርድ ላይ ወጥቶ ያስረዳል፣ ሌላው ያፋጥጠዋል። ያንን የለመደ ሰው ኢንተርቪው አያስደነግጠውም።

ሌላው ሰዓት ነው። «በአበሻ ሰዓት ነው የምቆጥረው» ስትል ልቤ ደነገጠ። እኔ አንድ ኢንተርቪው በዚህ አጥቻለሁ። ኢሜይሉ በለንደን ከሰዓት 2 ሰዓት ይላል። እኔ በወረቀት «11 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ፣ በዚያ ሳምንት ልክ ነበርኩ። ግን እንግሊዝ በማርች የመጨረሻ እሁድ ሰዓቷን ወደፊት ታዞራለች። እኛ አናዞርም። ቀጠሮው ከእሁዱ በኋላ ስለነበር የእኔ ሰዓት 10 ሆኖ ነበር። 11 ላይ ስገባ ማንም የለም። የ4 ወር ዝግጅት ነበር። የካላንደር ግብዣውን ተቀብለህ ስልክህ ራሱ እንዲቆጥር ተወው። ያን ቀን የአበሻ ሰዓት እርሳ።

ደግሞ እዚህ መብራት ስለሚሄድ ለሪክሩተሩ አስቀድሜ እጽፋለሁ፦ «ኃይል ቢቋረጥ በሞባይል ዳታ እመለሳለሁ፣ ካልሆነ በዚህ ስልክ ደውሉልኝ።» ሁሉም እሺ ነው ያሉኝ። አንተም ኔትወርክህ ካላስተማመነህ እንዲሁ ጻፍ። ሰው ናቸው።

ትርሲት ከሲያትል

የጋራዡ ልጅ፣ ዓርብ ማታ ሂሳቡ የሚዛባበት ታሪክ እንዴት ደስ አለኝ! ቀኑ ሲለወጥ የሚፈጠር ስህተት እኛም መሥሪያ ቤት ያጋጥመናል። እኔም ባለፈው ወር እንዲህ ያለውን ሳሳድድ ነው የከረምኩት። ይህን ስትነግራቸው ወንበራቸው ላይ ቀና ይላሉ፣ እመነኝ።

ግን የጻፍከውን እስቲ አንብበው። «ተሠራ»፣ «ተገኝቶ ተስተካከለ»። ማን ሠራው? ማን አገኘው? አንተ ታሪኩ ውስጥ የለህም። እኛ ዘንድ ራስን ማወደስ ነውር ስለሆነ ግሱ ውስጥ እንደበቃለን። እኔም «እኛ አደረግን» እያልኩ 2 ኢንተርቪው አበላሽቻለሁ። አንዱ ጠያቂ በመጨረሻ «አንቺስ የት ነበርሽ?» አለኝ። እየጻፈ ያለው ሰው ስለ አንተ ነው የሚጽፈው። ስለ ጋራዡ አይደለም።

እንዲህ ሞክረው፦ «በየሺፍቱ መጨረሻ 40 ደቂቃ ቲኬት እንቆጥር ነበር። ማንም አላዘዘኝም፣ እኔ ግን አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ የሚያመሳክር ፕሮግራም ጻፍኩ። ለ2 ሳምንት ዓርብ ዓርብ እየተሳሳተ አስቸገረኝ። የ3 ዓርብ ቲኬቶችን አንድ በአንድ በእጄ ሳነጻጽር እኩለ ሌሊትን የሚሻገሩት መኪናዎች መሆናቸውን አየሁ። ቲኬቱ የሚቆጠርበትን ቀን በመውጫ ሰዓቱ አደረግኩት። አሁን 6 ደቂቃ ይፈጃል፣ 3 ባልደረቦቼም ይጠቀሙበታል።» ቅዳሜ ይሁን ሌላ ቀን፣ በእጅህ አነጻጽረህ ይሁን በሌላ መንገድ፣ አንተ ነህ የምታውቀው፣ እውነተኛውን አስገባ። ያልሆነውን አንዲት ቃል አትጨምር፣ ተከታታይ ጥያቄ ሲመጣ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ «ዛሬ ብትሠራው ምን ትለውጥ ነበር?» ማለታቸው አይቀርም። እሱን ከአሁኑ አስብበት።

ናቲ ስለ ሰዓት ያለውን አትርሳ። ስላጣኸው አዝኛለሁ ናቲ።

ሥራህንም ከአሁኑ አስተካክል። ኢንተርቪው ከመድረሱ በፊት ያለውን ማታ ሺፍት እንዳትገባ አለቃህን ጠይቅ። ቀኑ ካልተመቸህ ሪክሩተሯን አንድ ሳምንት ግፊልኝ ብትላት አትቀየምህም፣ በየቀኑ የሚጠየቁት ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ሞክ (የልምምድ ኢንተርቪው) እናድርግ። እኔ ከቅዳሴ ስመለስ ነፃ ነኝ። በፈረንጅ ሰዓት በእኔ 12፡30፣ በአንተ ከሰዓት 3፡30። ግብዣውን በካላንደር እልክልሃለሁ፣ ኢሜይልህን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። 45 ደቂቃ እጠይቅሃለሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእንግሊዝኛ። የማላውቅህ ሰው ሆኜ ነው የምገባው፣ እንዳይከፋህ። ስትናገር የጻፍኩትን ማስታወሻ እንዳለ እሰጥሃለሁ፣ ምን ያህል ገጽ እንደሆነ አብረን እናያለን። አቤል፣ አንተም ብትገባና ሁለተኛውን ጥያቄ ብትጠይቀው ደስ ይለኛል። ስለ ፍጥነቱ ያንተ ዓይን ይሻላል።

አቤል ዘቨርጂኒያ

እገባለሁ። 20 ደቂቃ ሰጥቼ ሰዓት እይዝበታለሁ። ወንድሜ፣ እስከዚያ ቢያንስ 8ቱን ጮክ ብለህ ጨርስ።